ድምፄን ልሽጠው ወይስ ላከራየው?

ጥያቄ፦

ይድረስ ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ጅማ፣ ሄርማታ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ቀን በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ እሠራለሁ። ማታ ማታ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ስልኬን በተሰቀሉት ልብሶች መሀል አስጠግቼ ድምፄን እቀዳለሁ። እስካሁን ለአንድ የቤት ዕቃ መደብር ማስታወቂያና ለአንድ የሥልጠና ቪዲዮ ትረካ ተከፍሎኛል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የውጭ ገጸ ባሕርያት በአማርኛ ሲነጋገሩ ሰምቼ፣ «ይህማ የእኔ ሥራ ነው» ብዬ ነበር።

ውጭ አገር ያለው ወንድሜ በድምፅ ተዋንያን ላይ የተደረጉ የዳሰሳ ጥናቶች ላከልኝ። አብዛኞቹ ከቤታቸው እንደሚቀዱ፣ ብዙዎቹም ሌላ መተዳደሪያ እንዳላቸው ይገልጻሉ። እሱ የላከው «ተዪው» ሊለኝ ነው። እኔ ግን ከቤት ከተሠራ ጅማ ሆኜስ ምን ይከለክለኛል አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ድርጅት ብዙ ሺህ ዓረፍተ ነገሮች አንብቤ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ክፍያው የሰባት ወር ደመወዜን ያህላል፤ ውሉ «ለማንኛውም አገልግሎት፣ ያለ ጊዜ ገደብ» ይላል። ፈርሜ ሥራዬን ልልቀቅ? እናቴ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቁም ሣጥኑን ዝጊው፣ ብል ይገባል።»

ጋቢ ለባሿ፣ ከጅማ

መልስ፦

እህቴ፣ ስለ ብሉ እናትሽ ልክ ናቸው።

ወደ ጥናቶቹ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ማን እንደመለሰ ጠይቂ። መጠይቁን የሚሞላው በአብዛኛው በፈቃዱ የተሳተፈና ከሥራው ያልወጣ ሰው ነው። ሞክሮ ሳይሆንለት ማይክሮፎኑን ሸጦ የሄደው አይቆጠርም። «አማካይ ገቢ» የሚል ካየሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። ዘጠኝ ሊስትሮዎች በተቀመጡበት ሻይ ቤት አንድ ቡና ላኪ ቢገባ፣ በአማካይ ስሌት አሥሩም ሀብታም ናቸው፤ የሻይ ሒሳብ ሲመጣ ግን ዘጠኙ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። አንቺ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

ጥናቶቹ የሚጠቅሙሽ የሥራውን ውስጥ ስለሚያሳዩ ነው። እንጀራው ያለው ከካርቱን ፊልም ይልቅ በማስታወቂያ፣ በሥልጠና ትምህርትና በድርጅት ትረካ ነው። ማንበቡ ራሱ ትንሹ ክፍል ነው። ናሙና ድምፅ መላክ፣ መልስ መጠበቅ፣ ማረም፣ ያልተከፈለ ገንዘብ ማሳደድ ቀኑን ይበላዋል። ራሱ ቀድቶ ራሱ ለሚያርም ተራኪ፣ አንድ ሰዓት የሚደመጥ መጽሐፍ አምስት ስድስት ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። ይህም የጅማ ክረምት ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መብራት ሲጠፋና ባጃጅ በደጅ ሲያልፍ የምትጠብቂውን ሳይጨምር ነው። በጥናቶቹ ላይ «ከቤት» የሚሉት ተዋንያን ደግሞ ብዙ ጊዜ ድምፅ እንዳያስገባ የተዘጋጀ ቦታ ማለታቸው ነው።

አንድ ነገር ገርሞኛል፦ ጅማ ያደግሽ ሆነሽ አፋን ኦሮሞ ስለማንበብሽ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ሁለቱንም ቋንቋ አጣርተሽ የምታነቢ ከሆነ፣ ለመደብሩም ለሥልጠናውም ከመልካም ድምፅ እኩል ዋጋ አለው። ነገ ጠዋት ለቀድሞ ደንበኞችሽ ይህን ንገሪያቸው።

ውሉን በተመለከተ፣ እንዳለ አትፈርሚ። በሰባት ወር ደመወዝ የሚገዛሽ፣ ከዚያ በኋላ አንቺን ሳይጠራ በድምፅሽ የሚናገር ኮምፒውተር ሊሠራበት ይችላል፤ ያ ኮምፒውተር ነገ የዚያኑ የቤት ዕቃ መደብር ማስታወቂያ ቢያነብ ከራስሽ ጋር መወዳደርሽ ነው። በአሜሪካ ሳግ አፍትራ የተባለው የተዋንያን ማኅበር አባላት የሆኑ የቪዲዮ ጌም ተዋንያን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ሥራ ያቆሙት በዚሁ ጉዳይ ነበር። አንድ ዓመት ገደማ ታግለው፣ ድምፃቸው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመስሎ ሲሠራ ፈቃዳቸው እንዲጠየቅ የሚያስገድድ ውል አገኙ። አንቺ ማኅበር የለሽም፤ ያለሽ እምቢ የማለት አቅም ነው። የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝን፣ ማለትም እንደ ተዋናይና ዘፋኝ ያለውን፣ የመብት ባለቤት አድርጎ ያውቀዋል፤ ይሁንና በፊርማሽ አሳልፈሽ የሰጠሽውን ማስመለስ ከባድ ነው። ለየትኛው አገልግሎት፣ ለስንት ዓመት፣ ጊዜው ሲያልቅ በስንት እንደሚታደስ በጽሑፍ ይስጡሽ። «ይህ አይሆንም» ካሉሽ ምን ሊገዙ እንደመጡ ነግረውሻል። ከጠበቃ ጋር ሳታነቢው ብዕር አታንሺ።

ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። ከድምፅ የምታገኚውን በየወሩ በመዝገብ ያዢ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በጣም ደካማው ወር እንኳን የቤት ወጪሽን ከሸፈነ እንደገና ጻፊልኝ።

ቁም ሣጥኑን ግን ለእናትሽ መልሺ። ሁለት ገመድ ወጥረሽ ወፍራም ብርድ ልብስ ብትሰቅይና በመሀሉ ብትቀጂ ያው ነው። ለልብሱም ናፍታሊን ግዢላቸው።