ምጣዱ ጤነኛ ነው፤ ሽቦውን አያስቆርጡት

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው፤ እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ እተዳደራለሁ። ምጣዴ ላይ «220 ቮልት፣ 3500 ዋት» ተብሎ ተጽፏል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ቶሎ አይግልም፤ እንጀራውም ዓይን አላወጣ አለኝ። ሶኬቱ ደግሞ እጅ ያቃጥላል። ኤሌክትሪክ የሚማረው ልጄ ለክቶ ምጣዱ ሳይበራ ሶኬቱ ላይ 218 ቮልት፣ ሲበራ 187 ቮልትና 13.5 አምፒር አገኘ። 218ን ለ13.5 አካፍሎ «ሬዚስታንሱ 16 ኦም ደርሷል» አለኝ። አንድ ጠጋኝ ደግሞ «ሽቦው ደክሟል፣ ላሳጥረው» ይላል። ላሳጥረው ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሩ፤ ምጣዱ ምንም አልሆነም። ሽቦውን ማንም እንዳይነካው። ልጅዎ ጎበዝ ለኪ ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር ራሱ ጽፎታል፣ ያካፈለው ግን በሌላኛው ነው።

ጆርጅ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ቮልቴጅ ለአምፒር ሲካፈል ሬዚስታንስ፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን፣ በኦም ይገኛል ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች ግን ከአንድ ዕቃ ላይ፣ በአንድ ጊዜ የተለኩ መሆን አለባቸው። 218 ቮልት የተነበበው በምጣዱ ምንም ሳያልፍ ነው። 13.5 አምፒር በሚያልፍበት ሰዓት ምጣዱ ጋ የደረሰው 187 ነው። ስለዚህ 187 ሲካፈል ለ13.5፣ 13.85 ኦም ይሆናል። ፋብሪካው ከጻፈው ጋር እናስተያየው፤ ቮልቴጅ በራሱ ተባዝቶ ለዋት ሲካፈልም ሬዚስታንስ ይገኛል፦ 220 ሲባዛ በ220፣ ሲካፈል ለ3500፣ 13.83 ኦም። አንድ ናቸው። ለማረጋገጥ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ምጣዱን ነቅሎና አቀዝቅዞ፣ መለኪያውን ኦም ላይ አድርጎ የምጣዱን ወንድ ሶኬት ሁለት እግሮች ይንካ፤ 13 እና 14 መካከል ካነበበ ነገሩ አለቀ። የምጣድ ሽቦ ሲግል ሬዚስታንሱ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። በድሮው አምፖል ግን እንዲህ ብሎ መለካት ያሳስታል፤ የአምፖል ሽቦ ሲበራ ሬዚስታንሱ ከቀዝቃዛው ከአሥር እጥፍ በላይ ይሄዳል።

ታዲያ ለምን አይግልም? ኃይል ቮልቴጅ ሲባዛ በአምፒር ነው፦ 187 በ13.5፣ ወደ 2525 ዋት። ከ3500 ውስጥ አንድ ሺህ ዋት ያህል የለም ማለት ነው። ቮልቴጁ የቀነሰው በ15 ከመቶ ገደማ ሲሆን ሙቀቱ ግን 28 ከመቶ ወረደ፤ ቮልቴጅ ሲቀንስ አምፒሩም አብሮ ስለሚቀንስ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሙቀት ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል።

የጠፋው 31 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። 31 ለ13.5 ሲካፈል 2.3 ኦም ነው። 31 በ13.5 ሲባዛ ደግሞ 418 ዋት። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከምሰሶ እስከ ማድቤት ባለው ሽቦ፣ መጋጠሚያና ሶኬት ውስጥ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሶኬቱ ነው። እሱ ላይ ብቻ 5 ቮልት ቢጠፋ እንኳ 67 ዋት ይሆናል፤ ባለ 60 ዋት አምፖል በመዳፍ በምታክል ፕላስቲክ ውስጥ ታፍኖ እንደበራ ይቁጠሩት። ቤት የሚያቃጥለው ይህ ነው።

ሽቦው አንድ አምስተኛ ቢያጥር ምጣዱ 11.1 ኦም ይሆናል። ያው የተበላሸ መንገድ ላይ አምፒሩ 16.3 ይደርሳል፤ መንገድ ላይ የሚባክነውም ከ418 ወደ 610 ዋት ይዘላል። ምጣዱ ትንሽ ይሻለዋል፤ ሶኬቱ ግን ይቀልጣል። አንድ ቀን መስመሩ ተስተካክሎ 220 ቢገባ ወደ 20 አምፒር ይስባል፤ ተራው ሶኬት የተሠራው ለ16 ነው።

አሁን ቦታውን መፈለግ ነው። ምጣዱ በርቶ ሳለ መጀመሪያ ቆጣሪው መውጫ፣ ቀጥሎ ብሬከሩ፣ ከዚያ ሶኬቱ ላይ ቮልቴጁ ይለካ። ይህን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ ልጅዎ አጠገቡ ቆሞ ይጻፍ። የአምፒር መቆንጠጫው የሚያቅፈው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካቀፈ ዜሮ ያነባል። ቆጣሪው ላይም 190 አካባቢ ከሆነ ችግሩ ከውጭ ነው፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክቱ። ቆጣሪው ላይ 215 ሆኖ ሶኬቱ ላይ 187 ከሆነ ግን ጉዱ ግቢዎ ውስጥ ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው መጋጠሚያ ነው። ቀጭን ሽቦ ብቻውን ይህን ያህል አይበላም፦ 1.5 ካሬ (ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር) የሆነ መዳብ 20 ሜትር ቢሄድ፣ ደርሶ መልስ 0.47 ኦም ነው፤ ከ6 ቮልት ብዙ አይበልጥም። አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር በእጅ ተጠማዞ በፕላስተር ከተጠቀለለ ግን በደሴ ጉምና እርጥበት ዝጎ ቮልቴጁን ይውጠዋል። ጠቁሮ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ያገኙታል።

ሲያሠሩ ለምጣዱ ብቻ 4 ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ 20 አምፒር ብሬከርና የምድር ሽቦ ያስገቡለት፤ ማከፋፈያ ላይ እንዳይሰካ። የተቃጠለው ሶኬትም ከነወንዱ ይቀየር። ሥራው ሲያልቅ ምጣዱ በርቶ ይለካ፦ 212 ቮልት ካገኙ አምፒሩ 15.3፣ ኃይሉ 3245 ዋት ይሆናል። ሩብ ሰዓት ከጋገሩ በኋላ ብሬከሩን አጥፍተው ሶኬቱን በእጅዎ ይንኩት፤ ለብ ቢል ግድ የለም፣ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ሠራተኛውን መልሰው ይጥሩት።