ጤፍ ሲወደድ ወለድ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ሲወደድ ወለድ መጨመር ያረክሰዋል? መንግሥትን በገንዘብ ፖሊሲ የሚያማክር ባለሙያስ ሥራው በተጨባጭ ምንድን ነው?

መልስ፦ የሥራው ትልቁ ክፍል ጤፉ ለምን እንደተወደደ መለየት ነው። ክረምት ላይ ጎተራ ሲጎድል የሚመጣ ውድነት ኅዳርና ታኅሣሥ አዲሱ እህል ሲገባ ይለዝባል። ስለዚህ የነሐሴ ዋጋ የሚነጻጸረው ከአምናው ነሐሴ ጋር ነው፤ የዋጋ ኢንዴክሱ (የብዙ ዕቃዎችን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚያሳየው መለኪያ) አምና 200፣ ዘንድሮ 230 ከሆነ ግሽበቱ 15 በመቶ ይሆናል። ይህም ያሳስታል። አምና በዚያው ወር ዋጋ ድንገት ዘሎ ከነበረ የዘንድሮው ግሽበት ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ገበያው ግን አልረከሰም። ፋሲካም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ስለሚዘዋወር፣ የጣናን ዓሣና የዶሮን ዋጋ ሁለቱን ወራት አጣምሮ ማየት ይሻላል።

ቀጥሎ ምግቡ ከሌላው ይለያል። በአገራችን የዋጋ መለኪያ ምግብ ከግማሽ በላይ ይመዝናል። ዋጋው የወጣው የጤፍና የሽንኩርት ብቻ ከሆነ ምክንያቱን ከዝናብ፣ ከመንገድና ከማዳበሪያ መፈለግ ነው፤ የፎገራን ሽንኩርት ወለድ አያበቅለውም። የቤት ኪራይ፣ ልብስና የግንባታ ዕቃ አብረው ከወጡ፣ ብድርም ካበጠ፣ ያኔ ብድርን አስወድዶ ወጪን ስለሚያቀዘቅዝ ወለድ መጨመር ተገቢ ነው።

የትኛው የፖሊሲ መሣሪያ በትክክል እንደሚሠራ ማወቅም የአማካሪው ድርሻ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አደረገ። በሐምሌ 2016 ደግሞ የፖሊሲ ወለዱን (ለሌሎች ወለዶች መነሻ እንዲሆን ራሱ የሚወስነውን) 15 በመቶ አድርጎ ጀመረ፤ ባንኮች ለአንድ ሌሊት ከእሱ ሲበደሩ 18፣ እሱ ዘንድ ሲያስቀምጡ 12። ብድሩን የያዘው ጣሪያው ከሆነ ወለዱን አንድ ነጥብ ማውረድ ለነጋዴው አዲስ ብድር አያመጣለትም። ግሽበቱ 20 ከሆነም 15 በመቶ ወለድ ከፍ ያለ መስሎ ተበዳሪውን ይጠቅማል። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ተበድሮ ከሞላው ደግሞ፣ በወለድ የተሰበሰበው ገንዘብ በሌላ በር ተመልሶ ይወጣል። ይህን በግልጽ መጻፍ ይከብዳል፤ ግን አማካሪ የሚቀጠረው ለዚሁ ነው።

አማካሪው ለባለሥልጣኑ የሚጽፈው ማስታወሻ ሁለት ገጽ ይበቃዋል፦ ምክሩ ከላይ፣ ከዚያ ሌላ አማራጭ፣ ከዚያ ምክሩን የሚያስለውጠው መረጃ። የባለሥልጣኑን ፍላጎት ገምቶ ቁጥሩን ማለስለስ ከስሌት ስሕተት የባሰ ጥፋት ነው፤ የስሌቱን ስሕተት ሌላ ሰው ያርመዋል።

ልምምዱን ከአሁኑ ይጀምሩ። በየቅዳሜው የማኛ፣ የነጭና የሠርገኛ ጤፍ ኪሎ ዋጋ ከሦስት ነጋዴ ይመዝግቡ። ዓይነቱን ካቀላቀሉ መዝገቡ አያገለግልም።