ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ባለ ሦስት ጎማ ይሻለኝ ይሆን ወይ ብለው ለጠየቁት ወንድማችን

ወንድሜ፣ በ64 ዓመትዎ የግራ ጉልበትዎ በሰው ሠራሽ ከተተካ በኋላ ነዳጅ ማደያ ቆመው ሳለ ሞተርዎ ከእጅዎ አምልጦ እንደ ወደቀ፣ ልጆችዎም እንዲሸጡት እንደሚወተውቱዎት ጽፈዋል። መንዳቱን ሳይተዉ ከሁለት ጎማ የሚላቀቁበት መንገድ ካለ ልምድ ያለን እንድናካፍልዎ ነው የጠየቁት። እኔ 69 ዓመቴ ነው። ሞተር የለመድኩት በወጣትነቴ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በግብርና ባለሙያነት ከቀበሌ ቀበሌ ስዞር ነበር፤ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት ከመጣሁ በኋላም ለ20 ዓመት ያህል በሁለት ጎማ ነድቻለሁ። ከአራት ዓመት ወዲህ የምነዳው ባለ ሦስት ጎማ ስለሆነ የምነግርዎ ካየሁትና ከሞከርኩት ነው።

ምርጫውን የሚወስነው ከሰውነትዎ የትኛው ክፍል እንደ ደከመ ነው። ያስቸገረዎት ሲቆሙ ክብደቱን በእግር ደግፎ መያዝ ብቻ ከሆነ ሦስት ጎማ ችግሩን ከሥሩ ይፈታዋል፤ እርስዎ እንደሚነዱት ያለ ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን የጉዞ ሞተር አንድ ጊዜ ማጋደል ከጀመረ የጎረምሳ እግርም አይመልሰውም። ያዳገተዎት አንገትዎን አዙሮ ኋላን ማየት፣ በምሽት የመኪና መብራት ሲያርፍብዎ መንገዱን መለየት ወይም በፍጥነት ፍሬን መያዝ ከሆነ ግን የጎማው ቁጥር ምንም አይለውጥም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ባለ ሦስት ጎማ ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ወገን አንድ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ያለው ሲሆን የሃርሊ ዴቪድሰን ትራይ ግላይድ ከዚህ ይመደባል። ከ550 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ዋጋውም ከ30 ሺህ ዶላር ይበልጣል፤ ለሁለት ሰው ረጅም ጉዞ ግን እንደ ሶፋ ይመቻል። ሁለተኛው ወገን ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ያለው ነው፤ የካናዳው ቢአርፒ ኩባንያ በ2007 ያወጣው ካን-አም ስፓይደርና በኋላ የመጣው ቀለል ያለው ራይከር በዚህ ውስጥ ናቸው። ልዩነቱን ለመረዳት አገር ቤት ባጃጅ በኩርባ ላይ ፍሬን ሲይዝ ያዩትን ያስታውሱ፤ ክብደቱ ወደ ፊት፣ ማለትም አንድ ጎማ ብቻ ወዳለበት ጠባብ በኩል ስለሚሄድ አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ለመነሣት ይቃጣዋል። ሁለቱ ጎማዎች ከፊት ሲሆኑ ያው ክብደት የሚያርፈው ሰፊው መሠረት ላይ ነው። እኔ ሁለተኛውን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ቁልቁለትና ኩርባ የሚያዘወትር ሰው ሁሉ ይህንን ቢመርጥ ደስ ይለኛል።

ለእርስዎ ጉልበት የሚጠቅም ሌላም ነገር አለ። በስፓይደር ላይ የእጅ ፍሬን የለም፤ ሦስቱንም ጎማ የሚይዘው በቀኝ እግር የሚረገጥ አንድ ፔዳል ነው። በከፊል አውቶማቲክ የሆነው ሞዴል ማርሽ የሚቀየረው በግራ እጅ ጣት ሲሆን ፍሪሲዮን የለውም። ራይከር ደግሞ ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ ነው። ሁለቱም የኋሊት ማርሽ አላቸው። የታመመው የግራ ጉልበትዎ መሆኑ በዚህ በኩል ዕድለኛ ያደርግዎታል፤ የቀኙ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ባማከርኩዎት ነበር።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉልኝ ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። ለብዙ ዓመት ሁለት ጎማ የነዳ ሰው ሦስት ጎማ ላይ የሚወጣው ጀማሪ ሆኖ ነው፤ የቆየው ልምዱ እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። በሁለት ጎማ ፍጥነት ላይ ሆነን ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ገፋ እናደርጋለን፤ ሞተሩም ወደ ቀኝ አጋድሎ ይታጠፋል። ይህን እጃችን የሚሠራው ሳናስበው ነው። በስፓይደር የቀኙን እጀታ ቢገፉ ግን መሪው ወደ ግራ ይዞራል፤ እርስዎም ወደ ግራ ይሄዳሉ። በገዛሁ በመጀመሪያው ሳምንት ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው 105 ማይል የተራራ መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ወደሚታጠፍ ኩርባ ስገባ እጄ የለመደውን አደረገና የፊት ጎማዬ ቢጫውን መስመር ተሻገረ። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል በመሆኑና ከፊት ለፊት የሚመጣ ባለመኖሩ ተረፍኩ። የሸጠልኝ ሰው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ካዞረኝ በኋላ «ለእርስዎ ቀላል ነው» ብሎ ነበር ቁልፉን የሰጠኝ። በማግስቱ ባዶ ሜዳ ፈልጌ፣ የውጭውን እጀታ እየገፋሁ የውስጡን መሳብ፣ ደረቴንም ወደ ኩርባው ውስጥ ማስገባት ለሁለት ሳምንት ተለማመድኩ፤ ተሽከርካሪው ስለማያጋድል ሰውነትን ወደ ውጭ የሚወረውር ኃይል አለና።

ሁለተኛው አደገኛ ልማድ ሲቆሙ እግር ማውረድ ነው። በተለይ ሁለት ጎማ ከኋላ ባለው ላይ እግርዎን እየሄደ ካወረዱ የኋላው ጎማ ቁርጭምጭሚትዎን ሊረግጠው ይችላል። ጉድጓድም ቢሆን በሁለት ጎማ እንደለመዱት በቀላሉ አይታለፍም፤ ሁለቱ ጎማዎች በግራና በቀኝ ቢያልፉ ሦስተኛው መሃል ለመሃል ይገባበታል።

ማጋደሉን ማጣት ካልፈለጉ የሚያጋድሉ ባለ ሦስት ጎማዎችም አሉ። ከ2006 ጀምሮ የሚሠራው የጣልያኑ ፒያጆ ኤምፒ3 ሲቆሙ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ማጋደሉ የሚቆለፍ በመሆኑ እግር ሳያወርዱ መብራት መጠበቅ ይቻላል። ያማሃ ናይከንም ሁለት የፊት ጎማ አለው፤ እርጥብ መንገድንም አጥብቆ ይይዛል፤ ይሁን እንጂ ይህ መቆለፊያ የለውም። ስለዚህ ሲቆም እንደ ማንኛውም ሞተር ይወድቃል፤ ለእርስዎ ችግር መፍትሔ አይሆንም። ሻጮች ይህን ልዩነት ሁልጊዜ ስለማይናገሩ ነው እዚህ የምጽፈው።

ሳይድካር፣ ማለትም ከሞተር ጎን የሚገጠም ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ፣ ቆንጆ ነገር ነው፤ ነገር ግን እዚህ አገር በቀኝ በኩል ስለሚገጠም ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ባዶው ሳይድካር ከመሬት ይነሣል። ሰው ካልተቀመጠበት የአሸዋ ከረጢት ይጫንበታል። እንደ ስሊንግሾት ያሉት መሪያቸው እንደ መኪና ክብ የሆነ፣ ጎን ለጎን የሚያስቀምጡ ተሽከርካሪዎች በአብዛኞቹ ግዛቶች በተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ይነዳሉ። ለእኔ ግን ጣሪያ የሌለው መኪና ከመንዳት ብዙም አይለዩም።

ስለ ፈቃድ፣ ቨርጂኒያ የሁለት ጎማውን ኤም 2፣ የሦስት ጎማውን ኤም 3 ብላ ለይታ ትሰጣለች፤ ሁለቱንም የሚያካትት ኤም ካለዎት ተጨማሪ ፈተና አያስፈልግም። ባያስፈልግም እንኳ ለባለ ሦስት ጎማ ብቻ የተዘጋጀውን ሥልጠና ይውሰዱ። የሚኖሩበትን ግዛት ስላልጠቀሱልን የዚያን ሕግ ከመንጃ ፈቃድ ቢሮው ያረጋግጡ።

ከመግዛትዎ በፊት ቢቻል ለሁለት ቀን ተከራይተው ይንዱ፤ ጉልበትዎ የሚናገረው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ብቅ የሚሉ ከሆነ ደግሞ የእኔን ስፓይደር ይዤ እሑድ ጠዋት ባዶ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እጠብቅዎታለሁ። ሄልሜትዎንና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማዎን ይዘው ይምጡ፤ ከልጆችዎም አንዱ አብሮ ቢመጣ ደስ ይለኛል።