አንድ ኤዲሲ ለሁለት ሥራ፦ ምኑ ይቀያየር?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንባቢያችን በአንድ ቦርድ ሁለት ነገር ይለካሉ፤ ሙቀትን በ16 ቢት በሰከንድ 10 ጊዜ፣ ንዝረትን በ12 ቢት በሰከንድ 100,000 ጊዜ። ኤዲሲው (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ማለትም ቦርዱን የሚመራው ቺፕ፣ ውስጥ ያለው ባለ12 ቢት ነው። ለሙቀት ከኤዲሲው በፊት ያለውን ማጣሪያ በአናሎግ ስዊች (በኤሌክትሮኒክ መቀያየሪያ) ወደ 10 ኸርዝ ያወርዱታል፣ ለንዝረት ወደ 20 ኪሎ ኸርዝ ይመልሱታል። ወደ ሙቀት በዞሩ ቁጥር ግን የመጀመሪያዎቹ ንባቦች ይዛባሉ።

ጥፋቱ የኤዲሲው አይደለም፤ የማጣሪያው ነው። የ10 ኸርዝ አርሲ ማጣሪያ (ከሬዚስተርና ከካፓሲተር የተሠራ) ታይም ኮንስታንቱ፣ ማለትም ለለውጥ ምላሽ የሚሰጥበት የጊዜ መለኪያ፣ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። በ16 ቢት ልክ ለመርጋት 12 ያህል ታይም ኮንስታንት ይፈልጋል። ይኸው 190 ሚሊ ሰከንድ ሄደ። እርስዎ ደግሞ በየ100 ሚሊ ሰከንዱ እያነበቡ ነው።

ስዊቹን ያውጡት። ማጣሪያው 20 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይቀመጥ፣ የሚቀያየረው ፈርምዌሩ (ቺፑ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም) ብቻ ይሁን። ያኔ መርጊያው ከ100 ማይክሮ ሰከንድ አይበልጥም። ቻናል (የሚለካውን መስመር) በቀየሩ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን 10 ሳምፕሎች (ነጠላ ንባቦች) ይጣሉ፤ 20 ቢጥሉም ምንም አይጎዳዎትም።

የጎደሉት 4 ቢቶች ከአማካይ ይመጣሉ። ኖይዙ (ንባቡን የሚያዋዥቀው ረብሻ) ነጭ፣ ማለትም በሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል የተሰራጨ፣ ከሆነ ሳምፕሉ 4 እጥፍ በበዛ ቁጥር 1 ቢት ይገኛል፤ ለ4 ቢት 256 ሳምፕል ማለት ነው። እርስዎ ግን ጊዜ ስላለዎት 10,000 ይደምሩ። ቁጥሯ ዝም ብላ አልመጣችም። በንዝረቱ ፍጥነት፣ በሰከንድ 100,000 ጊዜ፣ ካነበቡ 10,000 ሳምፕል ልክ 100 ሚሊ ሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ የ50 ኸርዝ መብራት 5 ሙሉ ዙር፣ የ60 ኸርዝ ደግሞ 6 ሙሉ ዙር ይጨርሳል። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚገባው ረብሻ (ሃም) እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በነጻ የተገኘ ማጣሪያ! ድምሩም 32 ቢት ውስጥ ያለ ችግር ይገባል።

ድምሩን ሲያካፍሉ ግን ይጠንቀቁ። በ10,000 ካካፈሉ ተመልሰው 12 ቢት ላይ ነዎት፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። በ625 (10,000 ÷ 16) ያካፍሉ፣ ውጤቱ በ16 ቢት ስኬል ይወጣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጥሬው ንባብ ቢያንስ በ1 ኮድ (በኤዲሲው ትንሿ የቁጥር እርምጃ) ያህል ሲዋዥቅ ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ከመጣ አማካዩም ያው ነው፤ ትንሽ ኖይዝ ሆን ብለው ይጨምሩ።

አማካይ የሊኒያሪቲ ስህተትን (የኤዲሲው ንባብ ከቀጥታ መስመር የሚያፈነግጥበትን) አያርምም። የሙቀት ለውጥን መከታተል ብቻ ከሆነ የፈለጉት፣ ይህ ይበቃል። ትክክለኛው ዋጋ ራሱ በ16 ቢት ልክ ካስፈለገ ግን አንዱን ኤዲሲ አያስጨንቁት፤ ለሙቀቱ ሲግማ-ዴልታ ኤዲሲ (ለዝግተኛ ግን ለትክክለኛ ልኬት የሚሆን ዓይነት) ለብቻው ያስገቡ።