መልስ፦ ካካዎ (ቸኮሌት የሚሠራበት ተክል) ለብቻው ወይስ ከዛፍ ጋር?
ወንድሜ "ጥላ ዛፉ ተቆርጦ ካካዎ ብቻ ቢተከል ምርት አይጨምርም ወይ" ላልከው፣ መጀመሪያ አካባቢ አዎ ይጨምራል፣ ግን ማዳበሪያ በደንብ ካላገኘ መሬቱም ተክሉም ቶሎ ይደክማል። ደሞ አበባውን አይተኸው ታውቃለህ? ግንዱ ላይ ነው የሚወጣው፣ ጥፍር ታህላለች፣ ብናኟን የምታዳርሰው ንብ ሳትሆን ከወባ ትንኝ የምታንስ ዝንብ ናት፣ እሷ ደሞ የምትራባው እርጥብ የበሰበሰ ቅጠልና የሙዝ ግንድ ውስጥ ነው፣ ስሩን ጠርገህ ካጸዳኸው የት ትግባ? ብራዚል ባሂያ ውስጥ ካብሩካ የሚሉት አለ፣ ከጫካው ዛፍ የተወሰነውን ቆርጠው ከቀረው ስር ካካዎ ይተክላሉ፣ የኛን የካፋና የጅማ የጫካ ቡና አስበው በቃ። ጥላው ከበዛ ግን እርጥበቱ ፈንገስ ያመጣል፣ ስለዚህ በየጊዜው መግረዝ የግድ ነው። ለችግኙ ጥላ እንዲሆን መጀመሪያ ሙዝ ይተከል፣ ጋና ውስጥም እንደዛ ነው የሚያደርጉት፣ ካካዎው እስኪደርስ ሙዙ ይበላል ይሸጣልም።