ሞተሩ ሲሙሌተር ላይ ይነሳል፣ በእውነተኛው በተን ግን እምቢ ይላል

ጥያቄ፦ ፒኤልሲ (ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) በራሴ እየተማርኩ ነው። የስታርትና የስቶፕ ፕሮግራም በላደር (መሰላል በሚመስል ሥዕል በሚጻፍ የፒኤልሲ ቋንቋ) ጽፌ ሲሙሌተር ላይ ስሞክረው ሠራ። እውነተኛ በተኖች ሳገናኝ ግን ስታርት ብጫን ሞተሩ አይነሳም። የስቶፑ በተን ኖርማሊ ክሎዝድ (ሳይጫን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ፣ ሲጫን የሚያቋርጥ) ነው፣ ላደሩ ላይም ኖርማሊ ክሎዝድ አድርጌዋለሁ። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽቦህን አትንካው፣ ልክ ነው። ላደሩ ላይ ስቶፑን ወደ ኖርማሊ ኦፕን ቀይረው፣ ይነሳልሃል።

ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ግር ይለዋል። ላደር ላይ የምታስቀምጠው ምልክት የበተኑ ሥዕል አይደለም። ፒኤልሲው የኢንፑቱን ቢት፣ ማለትም ከበተኑ ኤሌክትሪክ ሲገባ 1 ሳይገባ 0 የሚሆነውን፣ የሚጠይቅበት ነው። ኖርማሊ ኦፕን «1 ከሆነ አሳልፍ» ማለት ነው፣ ኖርማሊ ክሎዝድ ደግሞ «0 ከሆነ አሳልፍ»። ስቶፕህ ካልተጫነ ዝግ ስለሆነ 24 ቮልቱ ሁሌም ኢንፑቱ ላይ አለ፣ ቢቱም 1 ነው፤ አንተ ግን 0 ካልሆነ አታሳልፍ ብለኸዋል። ሲሙሌተሩ ላይ የሠራልህ እዚያ ያልተጫነ በተን 0 ስለሆነ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግክ ላደሩን ከመቀየርህ በፊት የሞተሩን ኃይል አጥፋና ሁለቱን በተኖች አንድ ላይ ተጫን። አውትፑቱ ይበራል፣ ስቶፑን ስትለቅ ይጠፋል።

«ታዲያ በተኑን ራሱን ኖርማሊ ኦፕን ባደርገውስ?» እንዳትል። ሽቦ ይበጠሳል፣ ከተርሚናል ይላቀቃል። ኖርማሊ ክሎዝድ ከሆነ ሽቦው በተበጠሰበት ቅጽበት ቢቱ 0 ይሆንና ሞተሩ ይቆማል። ኖርማሊ ኦፕን ከሆነ ግን መበጠሱን ማንም አያውቅም፤ የሚታወቀው አንድ ሰው ደንግጦ ስቶፕ ሲጫን ሞተሩ ዝም ብሎ መዞሩን የቀጠለ ቀን ነው። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ደግሞ ከዚህም ይለያል። እሱን ለተራ ፒኤልሲ ፕሮግራም ብቻ አትተውለት፣ የኮንታክተሩን (የሞተሩን ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) ኮይል ኃይል በቀጥታ በሽቦ ወይም በሴፍቲ ሪሌይ (ለደህንነት ተብሎ በተሠራ ማቋረጫ) መቁረጥ አለበት።

ቀጥሎ የሚያስቸግርህን ከወዲሁ ልንገርህ። ፒኤልሲ መጀመሪያ ኢንፑቶቹን ያነባል፣ ከዚያ ፕሮግራሙን ከላይ ወደ ታች ይሠራል፣ አውትፑቶቹን የሚያወጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ አንድን የአውትፑት ኮይል (ላደሩ ላይ አውትፑቱን የሚያበራው ምልክት) ሁለት መስመር ላይ ከጻፍክ የታችኛው ያሸንፋል። ላይኛው መስመር በትክክል እየሠራ እያየኸው አውትፑቱ አይበራም፣ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስትፈትሽ ትውላለህ። አንድ ኮይል አንድ ቦታ ብቻ ጻፍ፣ የሚያስነሱትን ሁኔታዎች በሙሉ እዚያው መስመር ላይ በትይዩ ሰብስባቸው።

አንድ ነገር አልሠራ ሲልህ ደግሞ ላፕቶፑን ከመክፈትህ በፊት ፒኤልሲው ላይ ያሉትን የኢንፑት መብራቶች እይ። በተኑን ስትጫን መብራቱ ካልተለወጠ ችግሩ ከፕሮግራሙ በፊት ነው፦ በተኑ፣ ሽቦው ወይም የ24 ቮልቱ ኮመን (የኢንፑቶቹ የጋራ መስመር) ነው። መብራቱ ከተለወጠ ያኔ ወደ ላደሩ ግባ።