ካሳን (የሊኑክስ ከርነል የሜሞሪ ስህተት ጠቋሚ) የተፋውን ሎግ እንዴት እናንብበው? የቅዳሜ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

መላሽ፦ ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ስለ ከርነል ሜሞሪ ዲበግ (ስህተት ፍለጋ) የከበዳችሁን ጠይቁ። ቀድሜ አንድ ነገር ልበል፣ ከርነሉን ስትሰሩ የወጣውን ቪኤምሊኑክስ ፋይል፣ የፈንክሽን ስሞችና የመስመር ቁጥሮች ያሉበትን፣ አታጥፉ። እሱ ከሌለ ሎጉ ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

የፖሊዋ፦ ጋሼ እንደምን ዋሉ፣ ለመመረቂያ የጣናን ውሃ ከፍታ ለሚለካ ሴንሰር ድራይቨር እየፃፍኩ ነው፣ ሞጁሉን ሳወርደው ካሳን አንድ ገጽ ሙሉ ይተፋል፣ "ስላብ ዩዝ አፍተር ፍሪ" (የተለቀቀ ሜሞሪ ተነካ) ይላል፣ የቀረው ቁጥር ግን ምንም አልገባኝም። ከየት ልጀምር?

መላሽ፦ እሰይ፣ ይሄ ነው ጥያቄ! ከላይ ወደ ታች አታንብቢው። ካሳን ሦስት ስታክ (የፈንክሽን ጥሪዎች ዝርዝር) ነው የሚሰጥሽ፣ ሜሞሪውን ማን እንደነካው፣ ማን እንደወሰደው፣ ማን እንደለቀቀው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ እዛው ሲፈልግ ይመሽበታል፣ እኔ ሁሌ የምጀምረው "ፍሪድ ባይ ታስክ" ከሚለው ነው፣ ምክንያቱም የነካው ኮድ ብዙ ጊዜ ንፁህ ነው፣ ጥፋቱ ያለጊዜው የለቀቀው ጋ ነው። ከፈንክሽኑ ስም ቀጥሎ +4ሲ/90 ዓይነት ታያለሽ አይደል? በ16 ቤዝ ነው፣ ፈንክሽኑ 144 ባይት ርዝመት አለው፣ አንቺ 76ኛው ላይ ነሽ ማለት ነው። ይሄን ወደ ፋይል ስምና መስመር ቁጥር የሚቀይርልሽ ከርነል ሶርሱ ውስጥ ስክሪፕትስ ፎልደር ያለው ዲኮድ ስታክትሬስ ነው፣ ሎጉን፣ ቪኤምሊኑክሱን፣ የሞጁልሽን ፎልደር ስጪው። በዲበግ ኢንፎ የተሰራ፣ ያውም ቦርዱ ላይ ከሚሮጠው ከርነል ጋ አብሮ የወጣው ቪኤምሊኑክስ! ኮንፊጉን ነካክተሽ እንደገና ኮምፓይል ካረግሽው የተሳሳተ መስመር ይሰጥሻል፣ አንቺም አምነሽው ቀኑን ታባክኛለሽ።

ታች ያለው ሰንጠረዥ ደግሞ፣ በጀነሪክ ካሳን (በተለመደው ዓይነት) እያንዳንዱ የሁለት አሃዝ ጥንድ 8 ባይት ሜሞሪ ይወክላል፣ አንዱ ረድፍ 16 ጥንድ ስለሆነ 128 ባይት። 00 ካለ ስምንቱም ይነካሉ፣ ከ01 እስከ 07 ካለ የፊተኞቹ ያን ያህሉ ብቻ፣ ኤፍቢ የተለቀቀ፣ ኤፍሲ አጥር፣ ማለትም መነካት የሌለበት ድንበር። ከስር ያለችው ቀስት ጥፋቱ ያለበትን ጥንድ ታሳይሻለች።

ቀበሌ 14፦ መጀመሪያ ኬኤኤስኤልአር (የከርነሉን አድራሻ በየቡቱ የሚቀያይረውን) ታጥፋ፣ አድራሻው በየቡቱ እየተቀያየረ እንዴት ይፈታላታል?

ሰባታሚት፦ ተሳስተሃል ወንድሜ፣ ስክሪፕቱ የሚሰራው በስምና በርቀት ነው እንጂ በአድራሻ አይደለም።

ቀበሌ 14፦ እኔ ሳጠፋው ነው የሰራልኝ።

መላሽ፦ ሰባታሚት ልክ ነው። ያኔ የሰራልህ ትክክለኛውን ቪኤምሊኑክስ ስለሰጠኸው ይሆናል።

ሽንብጥ፦ ከርነሌ ይሞታል፣ ምን ላርግ?

መላሽ፦ ሎግ የለ፣ ቨርዥን የለ። ምን ብዬ ልመልስልህ?

ሽንብጥ፦ በስልክ ፎቶ አነሳሁት ጋሼ፣ የላይኛው ግማሽ አልገባም፣ ሙሉውን እንዳላወጣው ሁሌ መብራት ይሄዳል።

መላሽ፦ ጥፋቱ የተፃፈው ላይኛው ግማሽ ላይ ነው። ኔትኮንሶል አብራና ሎጉን በኔትወርክ ወደ ሌላ ላፕቶፕ ላከው፣ እሱ ባትሪ አለው። ፎቶ አልቀበልም።

ፔዳ፦ የኦኦኤም (ሜሞሪ ሲያልቅ ፕሮግራም የሚገድለው) ሎግ ላይ የኔ ፕሮግራም አርኤስኤስ (የያዘው ሜሞሪ) 250000 ይላል፣ 250 ሜጋ ነው አይደል? በዚህች ሊገድለው አይገባም ነበር።

መላሽ፦ አይደለም። የፕሮሰሶቹ ሰንጠረዥ በፔጅ (ሜሞሪው በሚከፈልበት ቁራጭ) ነው የሚቆጥረው፣ ፔጁ 4 ኪሎባይት ከሆነ 1000000 ኪሎባይት፣ ወደ 976 ሜጋ ነው። እዛው ሎግ ላይ ሌላው መስመር በኪሎባይት ስለሚፃፍ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ እኔንም አንድ ጊዜ ሁለት ቀን በልቶብኛል።

ጣና ዳር፦ ይሄን ሁሉ ወደ አማርኛ የሚቀይር ስክሪፕት ብንሰራስ? "ከለቀቁት በኋላ መንካት" ቢል ጀማሪ ቶሎ ይገባዋል።

ሰባታሚት፦ ከዛ ግሬፕ ስታደርግ (ሎጉ ውስጥ ቃል ስትፈልግ) ምን ልታገኝ ነው? የዓለም ሰው የሚፈልገው በእንግሊዝኛው ነው።

ጣና ዳር፦ ዋናውን አጥፉ አላልኩም፣ ከጎኑ ይፃፍ ነው ያልኩት።

መላሽ፦ ከጎኑ ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ስራውና ላክልኝ። ዋናው መስመር ግን አይነካ።

ፔዳ፦ ጋሼ፣ ሄክስ ዳምፕ (ሜሞሪው በ16 ቤዝ የተዘረዘረበት) ላይ በስተቀኝ ኬ ኬ ኬ ኬ እያለ ይሞላል፣ ቫይረስ ነው?

መላሽ፦ አይደለም፣ ጥሩ ምልክት ነው ያየኸው! ስላብ ዲበግ የሚባለው የከርነሉ መፈተሻ የተለቀቀን ሜሞሪ በ6ቢ ይሞላዋል፣ 6ቢ ደግሞ በአስኪ ትንሿ የእንግሊዝኛ ኬ ናት። ሬጂስተር ውስጥ 6ቢ6ቢ6ቢ ካየህ የተለቀቀ ነገር እንደ ፖይንተር ተጠቅመሃል። 5ኤ ከሆነ ተወስዶ ገና ያልተፃፈበት ነው።

ግሽ ዓባይ፦ ቪኤምሊኑክሱ ከጠፋብኝስ?

መላሽ፦ ስንቴ ልበለው! አታጥፉት። አንዴ ከጠፋ በአዲስ ከርነል ጥፋቱን እንደገና ማስነሳት ነው።

የፖሊዋ፦ ጋሼ ፈታሁት! የለቀቀው ስታክ ሪሙቭ ፈንክሽኔ (ሞጁሉ ሲወርድ የሚጠራው) ውስጥ ኬፍሪ (ሜሞሪ የሚለቀው) የሚለው መስመር ነው፣ የነካው ደግሞ በዲሌይድ ወርክ (ቆይቶ በሚሮጥ ስራ) ሴንሰሩን የሚያነበው።

መላሽ፦ ይኸው! ወርኩ ሴንሰሩን እየጠበቀ ተኝቶ ሳለ ሪሙቭ ሜሞሪውን ለቀቀበት። ከኬፍሪው በፊት ካንስል ዲሌይድ ወርክ ሲንክ ጥሪ፣ ወርኩ እስኪጨርስ ይጠብቅልሻል። ሞጁሉን ሃምሳ ጊዜ ጭነሽ አውርጂና አዲሱን ሎግ ላኪልኝ፣ ሙሉውን።